አንድ መስመር ብቻ

ካላዛርን የሲሪንቃ ልጅ ከአገሩ አያገኘውም፤ ሄዶ ነው የሚያመጣው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትራባው በሰሜን ምዕራብ ቆላ፣ በመተማና በሁመራ፣ በበጋ በሚሰነጣጠቀው ጥቁር ዋልካ አፈርና በግራሩ ሥር ነው። ከሀብሩ፣ ከመርሳ ዙሪያ፣ ከወልድያ ገጠር ወጣቱ ክረምት ሲገባ ለአረም፣ መስከረም ሲጠባ ለሰሊጥ አጨዳ ወደዚያ ይወርዳል። ቀን ግራር ሥር ያርፋል፣ ሌሊት ሜዳ ላይ ይተኛል። ዝንቧ ከነከሰችው በኋላ ተሕዋሲው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። ስለዚህ ልጁ የሚታመመው እዚያ ሳለ አይደለም። ቤቱ ገብቶ፣ ያመጣውን ገንዘብ ለእናቱ ሰጥቶ፣ ካላዛርን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁ ባለሙያዎች ባሉበት አገር ነው የሚታመመው።

ከእነዚያ ባለሙያዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ሥራዬ ላብራቶሪ ነው። የምናዘዘው በሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ሰው ላይ፣ ሌላው ውሻ ላይ የደረሰ። የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው፦ በደም ውስጥ ያለውን አንቲቦዲ ከሚናገረው በላይ አናግሬዋለሁ።

ልጁ ሃያዎቹን የጀመረ የሲሪንቃ ልጅ ነበር። ከእናቱ ጋር መጣ። ሱሪውን በሲባጎ አስሮታል፤ ክንዱና ጭኑ አልቆ ሆዱ ብቻ በግራ በኩል ወጥሯል። ትኩሳቱ ከወር በላይ ሆኖታል። ለወባ ታክሟል፣ ለታይፎይድ ታክሟል፣ ትኩሳቱ ግን አልለቀቀውም። ያየው ጤና መኮንን ገና ከትምህርት የወጣ ቢሆንም «መተማ ነበርክ?» ብሎ ጠየቀው፤ እንደነበረ ሲነግረው የካላዛር ምርመራ አዘዘለት። ያ መኮንን የሚገባውን አድርጓል። ከዚያ በኋላ ያለው የኔ ነው።

ከአንድ ጥናት የተረፉ ጥቂት የአርኬ 39 ስትሪፖች በመሳቢያችን ነበሩ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ነው ያታለለኝ። ደሙን አዙሬ ሴረሙን ለየሁ፤ ከስትሪፑ ጫፍ ላይ ጠብ አደረግሁ፤ ባፈር የሚባለው ፈሳሽ ያለበት ቱቦ ውስጥ አቁሜ አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። ፈሳሹ እየወጣ ሄዶ የላይኛዋን፣ የመቆጣጠሪያዋን መስመር አቀላት። የታችኛዋ ቦታ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ወደ መስኮቱ አስጠግቼ በብርሃን አየሁት፤ ጥላ እንኳ የለም። በወረቀቱ ላይ «ካላዛር፦ ኔጌቲቭ» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

እስከዚህ ድረስ ውሸት የለም። ስትሪፑ ያሳየው ያንን ነው። እናቱ ግን በር ላይ ቆመው ነበር።

«ልጄ፣ ያ የቆላው በሽታ ነው እንዴ?»

«አይደለም እማማ። ነፃ ነው።» ወደ ልጁም ዞር ብዬ «አብሽር» አልኩት።

ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት እውነት ነበር፤ በአፌ ያልኩት ግን ለማለት የማይገባኝ ነበር።

ያን ጊዜ ላውቀው ይገባኝ የነበረውን አሁን ልጻፈው። ስትሪፑ ተሕዋሲውን አያይም። የሚያየው፣ የታማሚው ሰውነት ተሕዋሲውን ለመዋጋት የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ስትሪፑ ላይ ለማጥመጃ የተቀባው ፕሮቲን፣ 39 አሚኖ አሲድ እየተደጋገመ የተሠራው፣ መጀመሪያ የተወሰደው ብራዚል ውስጥ ከተገኘ የሊሽማንያ ዝርያ ነው። የኛ አገር ተሕዋሲ፣ ሊሽማንያ ዶኖቫኒ፣ ፕሮቲኑ ከዚያ ጥቂት ይለያል፤ የምሥራቅ አፍሪካ ታማሚዎችም በደማቸው የሚገኘው የአንቲቦዲ መጠን ከሕንዶቹ ያነሰ ነው። ውጤቱ በቁጥር ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የኮክሬን የጥናቶች ማጠቃለያ እንደሚለው፣ ያው ስትሪፕ በሕንድ ክፍለ አህጉር ከ100 የካላዛር ታማሚ 97ቱን ሲለይ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የሚለየው 85ቱን ያህል ነው። ከመቶ አሥራ አምስቱ ታመው እያለ አንድ መስመር ብቻ ይዘው ከላብራቶሪ ይወጣሉ ማለት ነው። እኔም አንዱን በእጄ ሸኘሁት።

ኤች አይ ቪ ሲጨመር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አንቲቦዲ የሚሠራው የመከላከያ አቅም ነው፤ ያ አቅም ሲዳከም ስትሪፑ የሚያጠምደው ነገር ያጣል። በመተማና በሁመራ ቆላ ካላዛርና ኤች አይ ቪ አብረው መገኘታቸው ከሌላው ዓለም ሁሉ ጎልቶ የሚታይ ነው። ለዚህ ልጅ ግን ኤች አይ ቪ አልመረመርኩለትም። አልታዘዘማ! ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞክሬያለሁ። ኪቱ እዚያው መሳቢያ ውስጥ፣ ከስትሪፑ አጠገብ ነበር፤ መኮንኑን «ይህን ብንጨምርስ?» ለማለት ኮሪደሩን መሻገር ብቻ ይበቃኝ ነበር።

የአገራችን መመሪያ ለእንዲህ ያለው ሰው መንገዱን አስቀምጧል። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያ፣ የከሳ ሰውነት፣ በሽታው ወዳለበት አገር ሄዶ የመጣ ሰው ከሆነ፣ ስትሪፑ ኔጌቲቭ ቢልም ምርመራው አያልቅም። ዳት የሚባለው ሌላ የአንቲቦዲ ምርመራ አለ፤ ሴረሙን ደረጃ በደረጃ እያቀጠኑ፣ ማቅለሚያ ከተቀባ ተሕዋሲ ጋር ቀላቅለው አሳድረው በማግስቱ የሚያነቡት። ከዚያም ያለፈ እንደሆነ ከጣፊያ ወይም ከመቅኒ በመርፌ ናሙና ወስዶ ተሕዋሲውን ራሱን በማይክሮስኮፕ መፈለግ ነው። የጣፊያው ናሙና ደም የማፍሰስ አደጋ ስላለው በየቦታው አይሠራም፤ ግን የሚሠራበት ቦታ አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሊሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው። «ጎንደር ላኩት» ማለት እችል ነበር። ያልኩት ግን «ነፃ ነው» ነው።

ከዚያ ወዲያ ማንም ካላዛር ብሎ አላሰበም፤ ወረቀቴ ፋይሉ ውስጥ ነበራ። የሆድ ቲቢ ተጠረጠረ፣ መድኃኒቱ ተጀመረ። ሳይሻለው ሲቀር እናቱ ሲሪንቃ አርሴማ ጸበል አስገቡት። በኋላ ጸበሉን የወቀሱ የሥራ ባልደረቦች ነበሩኝ፤ እኔም ወቀሳው ከኔ ላይ እንዲርቅ ብዬ ዝም ብዬ ሰምቻለሁ። ይህም ሌላ ኃጢአት ነው። እኒያ እናት ልጃቸውን ጸበል ያስገቡት ሕክምናን ንቀው አይደለም። መጀመሪያ የመጡት እኛ ዘንድ ነው። የመለስናቸው እኛ ነን።

ካላዛር ባለበት ቆላ፣ አብደራፊ የሠራ አንድ ዘመዳቸው ሊጠይቀው መጥቶ ሆዱን ሲያይ ደነገጠና ጎንደር ይዞት ሄደ። ከጣፊያው በተወሰደው ናሙና ተሕዋሲው ተገኘ። ኤች አይ ቪም ተገኘበት። ሕክምናው ተጀምሮለት ሳለ ዐረፈ። ካላዛር ካልታከመ ከመቶው ከዘጠና አምስት በላይ የሚሆነውን የሚገድል በሽታ ነው፤ ታክሞ ለመዳን ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፣ የተረፈ ሥጋ ይፈልጋል። ያን ጊዜ የበላሁበት እኔ ነኝ።

መርዶውን የነገረችኝ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ስትሪፑን መውቀስ ነው። ሙቀት አግኝቶት ይሆናል አልኩ፤ ማለፊያ ቀኑን ሄጄ አየሁ። ምንም አልነበረበትም። ስትሪፑ እንደተሠራው ሠርቷል፤ ያልሠራሁት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ጥፋቴ የመጣው ከዚሁ ጸጸት ነው። ያጠፋሁትን በትጋት ልክስ ብዬ ስለ ካላዛር ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። የሊቦ ከምከም ታሪክ እንቅልፍ ነሳኝ። እንደ ሲሪንቃ ያለ፣ ቆላ ያልሆነ አገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ገደማ ጀምሮ ሰው በትኩሳት ያልቅ ጀመር፤ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተባለ፤ ካላዛር መሆኑ የተረጋገጠው በ2005 ነው። በሽታው እዚያው መተላለፍ ጀምሮ ነበር። ታዲያ ሲሪንቃስ? ብዬ ፈራሁ። እዚያ በተደረገ ጥናት ቤታቸው ውሻ የነበራቸው ሰዎች ለበሽታው ይበልጥ ተጋልጠው መገኘታቸውን አነበብኩ። ቃፍታ ሁመራ ውስጥ ጤነኛ በሚመስሉ ውሾች ደም ካላዛርን የሚመለከት አንቲቦዲ መገኘቱንም አነበብኩ። በሜዲትራንያን አገሮችና በብራዚል የበሽታው ማደሪያ ውሻ መሆኑን አወቅሁ። እነዚህን ቁርጥራጮች በራሴ ሰፋኋቸው።

በአንድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስቼ «ውሻ ካላዛር ያስተላልፋል» አልኩ። ያልኩት ይኸው ነው፤ «ሊሆን ይችላል» እንኳ አላልኩም። በሳምንቱ የልጁ ቤት ውሻ ተገደለ። ጎረቤቶች ናቸው በድንጋይ የገደሉት፤ ቤተሰቡንም የሚረዱ መስሏቸው ነው። ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ ውሻ ነበር። ሟቹ መተማ ሳለ፣ ታሞ ተኝቶ ሳለ፣ ከሲሪንቃ ወጥቶ የማያውቅ ውሻ። የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ከወንድሙ የቀረለት ነገር ስለነበር፣ ሬሳውን ራሱ ጎትቶ ከማሳው ዳር ቀበረው ብለው ነገሩኝ።

እዚህም ያጠፋሁት ያንኑ ነው። በውሻ ደም አንቲቦዲ ተገኘ ማለት የአሸዋ ዝንብ ነክሳዋለች፣ ተሕዋሲው ገብቶበት ነበር ማለት ነው። ውሻው ለሰው አስተላልፏል ማለት አይደለም። ለማስተላለፍ፣ ዝንቧ ስትነክሰው የምትወስደው ያህል ተሕዋሲ በቆዳው ወይም በደሙ ውስጥ በሕይወት መኖር አለበት። ዝንቦቹ በበዙበት ቦታ ውሻም ሰውም ይነከሳሉ፤ ውሻ ያለበት ቤት ዝንቧንም ሊስብ ይችላል፤ ይህ ሁሉ ከ«ውሻው ነው» ይለያል። የሜዲትራንያኑና የብራዚሉ ተሕዋሲ ሊሽማንያ ኢንፋንተም ነው፤ እሱ በውሻ ይኖራል። በምሥራቅ አፍሪካ ግን የታወቀው ዋና መንገድ ዝንቧ ከታመመ ሰው ወደ ጤነኛ ሰው የምታደርገው ጉዞ ነው፤ ሕክምና ዘግይቶበት ወራት የሚንገላታ ሰው ለሌላውም ምንጭ ይሆናል። ብራዚል እንኳ፣ ተሕዋሲው በርግጥ በውሻ በሚኖርበት አገር፣ ደማቸው ተመርምሮ አንቲቦዲ የተገኘባቸውን ውሾች ለአሥርተ ዓመታት ስታስገድል ኖራ በሽታው እንደታሰበው አልቀነሰላትም። ሰዉ የሞተበትን ውሻ በቡችላ ይተካ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በተቃራኒው በኩልም ተሳስቼ ልጎዳ የምችለው ሰው ስላለ። አንቲቦዲ በሽተኛው ከዳነ በኋላም ለዓመታት በደሙ ይቆያል። ተነክሶ ሳይታመም የሚኖር ሰውም ይኖረዋል። ስለዚህ ከዚህ በፊት ካላዛር ታክሞ የዳነ የመተማ ተመላሽ በሌላ ምክንያት ቢያተኩሰው ስትሪፑ ሁለት መስመር ሊያወጣ ይችላል። ያን አይቶ ሕክምናውን እንደገና ማስጀመር፣ የ17 ቀን መርፌ፣ ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት በከንቱ መስጠት ነው። እንዲህ ላለው ሰው የሚፈርደው በማይክሮስኮፕ የታየው ተሕዋሲ ብቻ ነው። አሁን በምሠራበት ቦታ የውጤት ወረቀት ላይ ከውጤቱ ሥር ሁለት ጥያቄ እጽፋለሁ፦ «ከዚህ በፊት ታክሟል? ኤች አይ ቪ ታይቷል?» ሐኪሞቹ አንዳንዴ ይሰለቹኛል፤ ይሰልቹ።

እናቱ ዘንድ የሄድኩት ዘግይቼ ነው። ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ፤ ይህ ራሱ ከብዶኝ ነበር። ነገርኳቸው፤ ያን ቀን «አይደለም» ማለት እንዳልነበረብኝ፣ ሌላ ምርመራ እንደነበር፣ ጎንደር መላክ እንደነበረበት፣ ውሻውም ምንም እንዳላደረገ። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ከዚያ «ያን ጊዜ ሰምቼህ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ፤ በስለት የአርሴማን ስም እየጠራሁ ነው ከአንተ ቤት የወጣሁት» አሉኝ። ይቅር ብያለሁ አላሉም፣ አልልም አላሉም። እኔም አልጠየቅሁም።

ይልቅ ታናሹን ጠሩት። እሱም ለመተማ ተነሥቷል፤ ጓደኞቹ ቀን ቆርጠዋል። «ሳይሄድ መርምርልኝ» አሉኝ።

ሳይሄድ መመርመሩ ምንም እንደማይነግረን አስረዳኋቸው። ይልቅ አጎበር እንዲይዝ፣ ሌሊት ከአጎበር ውጭ፣ ቀንም ግራር ሥር እንዳይተኛ ነገርኩት። ተመልሶ ትኩሳት ሁለት ሳምንት ከቆየበት የትም ጤና ተቋም ሲገባ በመጀመሪያው ቃሉ «መተማ ነበርኩ» እንዲል፣ ኤች አይ ቪም እንዲመረመር፣ ስትሪፑ አንድ መስመር ብቻ ቢያወጣ፣ ማንም ቢሆን፣ እኔም ብሆን «ነፃ ነህ» ብለው እንዳይቀበል፣ ወደ ጎንደር እንዲሻገር። የስልክ ቁጥሬን ጻፍኩለት። እናትየው ወረቀቱን ከእጁ ተቀብለው፣ እሱ ቢጥለው ብለው፣ ለራሳቸውም ሌላ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ፤ ጻፍኩላቸው።