እሺ የማይል እንስሳ

ስለ «ዘ ላስት ጋርዲያን» ጌም ክፉ ከሚወራው አብዛኛው እውነት ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲገባ ካሜራው ግድግዳ ላይ ይለጠፍና የሚታየው ላባ ብቻ ይሆናል። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ምስሉ በየቦታው ይንቀራፈፋል። የምንመራው ልጅ ዝለል ሲሉት ሌላ ቦታ ሄዶ ይንጠለጠላል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2007 ተጀምሮ፣ በ2009 ለፕሌይስቴሽን 3 እንደሚወጣ ተነግሮ፣ እጃችን የገባው በ2016 መጨረሻ ነው። ያን ያህል ተጠብቆ እንዲህ ሆኖ መምጣቱ አናዶኛል።

ከዚያ ወዲህ እንከን የማይወጣላቸው ብዙ ጌሞች ተጫውቼ ረስቻለሁ። የዚህን ጌም እንስሳ፣ ትሪኮን፣ ግን አልረሳሁትም።

ለማታውቁት፦ አንድ ትንሽ ልጅ ዋሻ ውስጥ ይነቃል፤ ገላው ላይ የማያውቀው ንቅሳት ወጥቶበታል። አጠገቡ በሰንሰለት የታሰረ፣ ጦር የተሰካበት ግዙፍ እንስሳ ተጋድሟል። ወፍም፣ ውሻም፣ ድመትም ይመስላል። ልጁ ጦሩን ይነቅልለታል፣ በርሜል ውስጥ ያለ ምግቡን እየፈለገ ያመጣለታል። ከዚያ ሁለቱ ከፈራረሰው ሸለቆ የሚወጡበትን መንገድ ይፈልጋሉ።

ብዙ ሰው የተማረረው በትሪኮ እንቢተኝነት ነው። ወደዚያኛው ግንብ ዝለል እለዋለሁ፣ ቆሞ ራሱን ያካል። ደግሜ እጠራዋለሁ፣ ሌላ ነገር ያሸታል። ቀደም ሲል «ኢኮ»ን እና «ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ»ን የሠራው ፉሚቶ ኡዌዳ ይህን ያደረገው ሆን ብሎ ነው። ቁልፍ በተጫኑ ቁጥር የሚታዘዝ መጓጓዣ ሳይሆን የራሱ ፈቃድ ያለው ፍጡር ፈልጎ ነበር። ይህን ይዘው የጌሙን ጉድለት ሁሉ ጥበብ ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። የካሜራው ችግር ለታሪኩ አንዲት ነገር አይጨምርም፣ መስተካከል ነበረበት። የትሪኮ እንቢታ ግን ሌላ ነው። ባዶ የብረት ልብስ የመሰሉት ወታደሮች ልጁን ተሸክመው ሲሄዱ ትሪኮ ይደርስና ያደቃቸዋል። ጠላቱ ካለቀ በኋላም ቁጣው አይበርድም፤ ልጁ ጀርባው ላይ ወጥቶ እያሻሸ ያረጋጋዋል። እሺ እንዲል ማስገደድ የማይቻል እንስሳ ለእኔ ሲል ይቆጣል፤ ፍቅሩን የማምነው ለዚህ ነው።

ፍጻሜውን ማወቅ የማትፈልጉ ቀጣዩን አንቀጽ እለፉት።

ትሪኮ ክፉኛ ቆስሎ ልጁን ወደ መንደሩ ይመልሰዋል። የመንደሩ ሰዎች የሚታያቸው አውሬ ነው፤ ጦር ይዘው ይነሱበታል። ልጁ አቅም አጥቶ በተኛበት እጁን ያነሳና ሂድ ብሎ ያዘዋል። ጌሙን ሙሉ እሺ በለኝ ስለው የኖርኩት እንስሳ እዚህች ላይ እንቢ እንዲለኝ ተመኘሁ። ታዘዘ። አለቀስኩ፤ ለመናገርም አላፍርበትም። ከመጀመሪያው ታዛዥ ቢሆን ኖሮ ይህን ትእዛዝ እንደማንኛውም ቁልፍ ተጭኜው አልፈው ነበር።

የጌም ቤቶቻችን ገበያ የኳስ ጌም ነው፤ የሚከፈለው በጨዋታ ሒሳብ ስለሆነ እንዲህ ያለ ዘገምተኛ ጌም እዚያ ቦታ የለውም። ቤታችሁ ፕሌይስቴሽን 5 ያላችሁ ግን ዲስኩን ፈልጉና ማሻሻያውን ሳታወርዱ ጫኑት፤ በሰከንድ እስከ 60 ምስል ይሄዳል። ካሜራው ያው ነው፣ መንቀራፈፉ ግን ይቀርላችኋል።