የወታደሩ ቁር፣ የሠራተኛው ቆብ

«ከራስ በላይ ነፋስ» ይላል ያገራችን ሰው። ይሁን እንጂ ይህ ብሂል በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ለሚቆፍር ወይም ከከፍተኛ ግንባታ ሥር ቆሞ ለሚሠራ ሰው አይስማማም። ከዚህ ሰው ራስ በላይ ለመናድ ያዘነበለ ድንጋይ፣ ከጓደኛው እጅ ያመለጠ መዶሻ፣ ከፎቅ ላይ የተንሸራተተ የብረት ቁራጭ አለ። የሰው ልጅ ይህን ያውቅ የነበረ ቢሆንም ለሠራተኛው ራስ አስተማማኝ መከላከያ ያበጀለት ዘግይቶ ነው። መከላከያውን ካበጁት ሰዎች አንዱ ደግሞ ሐሳቡን ያገኘው ከጦር ሜዳ ነበር። ይህ ሰው ኤድዋርድ ቡላርድ የተባለ አሜሪካዊ ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1914 ዓ.ም. ሲፈነዳ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ወታደሮች የዘመቱት የጨርቅ ቆብ ደፍተው ነበር። ምሽጉ የወታደሩን ደረትና እግር ቢከልልለትም ራሱን ሊከልልለት አልቻለም፤ መድፉ በላዩ ላይ እየፈነዳ የብረት ፍንጣሪ ያዘንብበት ነበርና። የቆሰለውና የሞተው ሰው ብዛት መንግሥታቱን ስላስጨነቃቸው በ1915 ፈረንሳዮች በአድሪያን ስም የሚታወቀውን፣ እንግሊዞችም በብሮዲ ስም የሚታወቀውን የብረት ቁር አወጡ። አሜሪካ በ1917 ወደ ጦርነቱ በገባች ጊዜ የእንግሊዞቹን ዓይነት ተቀብላ ወታደሮቿን አስታጠቀች። እንግዲህ በዚያ ሁሉ የመግደያ መሣሪያ መካከል የሰውን ሕይወት ለማትረፍ ብቻ የተሠራ አንድ ተራ ነገር፣ ጎድጓዳ ሳሕን የመሰለ ብረት፣ በወታደሩ ራስ ላይ ተቀመጠ።

ቡላርድ ከጦርነቱ ሲመለስ ይህን የብረት ቁር ይዞ ተመለሰ። ብዙ ዘማች ቁሩን ይዞ ገብቷል፤ አንዱ ለማስታወሻ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፣ ሌላውም ልጆቹ እንዲጫወቱበት ትቶታል። ቡላርድ ግን ቁሩን ያየው በሌላ ዓይን ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት ያደገበትን ቤት ማወቅ ያሻል። አባቱ በ1898 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ባቋቋመው ድርጅት በካሊፎርኒያ፣ በኔቫዳና በአሪዞና ለሚገኙ የወርቅና የመዳብ ማዕድን ቆፋሪዎች የካርባይድ ፋኖስና ሌላም የሥራ ዕቃ ያቀርብ ነበር። የቆፋሪው ቆብ በዚያን ጊዜ ዋና አገልግሎቱ ፋኖሱን ግንባር ላይ ደግፎ መያዝ ነበር። ብርሃን ይሸከማል፤ ድንጋይ ግን አይመልስም። እንግዲህ ቡላርድ በአንድ በኩል ከቤቱ የሚያውቀው ባለ ፋኖስ ለስላሳ ቆብ፣ በሌላ በኩል ከዘመቻ ያመጣው የብረት ቁር ነበረው። የወታደሩ ራስ ብረት የተገባው ከሆነ የቆፋሪው ራስ ስለምን ጨርቅ ይገባዋል?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ ሥራ ጠየቀ። የብረት ቁር ይከብዳል፤ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ለሚቆፍር ሰው አይመችም። ስለሆነም ቡላርድ ሌላ ጥሬ ዕቃ ፈለገ። ሸራ በሙጫ እየነከረና እየደራረበ፣ በእንፋሎት እያፈላ ቅርጽ አስያዘው፤ ቆዳ ክፈፍ አደረገለት፤ በመጨረሻም ጥቁር ቀለም ቀባው። በ1919 ለገበያ የቀረበው ይህ ቆብ ከአሠራሩ የተነሣ «ሃርድ ቦይልድ ሃት»፣ ማለትም ተቀቅሎ የጠነከረ ቆብ፣ ተባለ። ከዚያም በኋላ በቆቡና በራስ ቅል መካከል ክፍተት የሚፈጥር የውስጥ ማንጠልጠያ ተጨመረለት። የነገሩ ምሥጢር ያለው በዚህ ክፍተት ነው። ከላይ የወረደው ነገር ኃይሉ በአንድ ነጥብ ላይ እንዳያርፍ ቆቡ ይበትነዋል፤ ማንጠልጠያውም እየተለጠጠ ምቱን ያበርደዋል። የሠራተኛውን ሕይወት የሚያተርፈው የቆቡ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን በቆቡና በራሱ መካከል ያለው የጣት ስፋት ያህል ባዶ ቦታ ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ ቆቡ መሠራቱ ብቻ የሠራተኛውን ራስ አላዳነም። አሠሪው ግዛ የሚለው፣ ሠራተኛውም ልበስ የሚለው ሕግ አልነበረምና። በ1931 በኮሎራዶ ወንዝ ላይ የሁቨር ግድብ ሥራ ሲጀመር ከገደሉ ፊት በገመድ ተንጠልጥለው ድንጋይ የሚፈነቅሉት ሠራተኞች ራሳቸው ብልሃት ፈጠሩ። የጨርቅ ቆባቸውን በድንጋይ ከሰል ሬንጅ እየነከሩ፣ እስኪደርቅ እየጠበቁ፣ ድንጋይ የሚመልስ ቆብ አበጁ። ቆቡ የስንቱን ሕይወት እንዳተረፈ ያዩት የሥራው ተቋራጮችም ኋላ በብዛት አስመጡ። ችግሩን የሚያውቀው የሚደርስበት ሰው መሆኑን ይህ ታሪክ በሚገባ ያስረዳል።

የቡላርድ ሥራ ትልቁን ፈተና የተፈተነው በገዛ ከተማው ነው። የጎልደን ጌት ድልድይ ግንባታ በጥር ወር 1933 ተጀመረ። በዚያን ዘመን በአሜሪካ የግንባታ ሥራ አንድ ጨካኝ ስሌት ነበር፤ በየአንድ ሚሊዮን ዶላሩ ሥራ አንድ ሰው ይሞታል ተብሎ ይገመት ነበር። ድልድዩ ሠላሳ አምስት ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚፈጅ ነበርና በዚህ ስሌት መሠረት ሠላሳ አምስት ሰዎች ገና ሥራው ሳይጀመር በሞቱት ሂሳብ ተመዝግበው ነበር ማለት ይቻላል። ዋና መሐንዲሱ ጆሴፍ ስትራውስ ይህን ስሌት አልቀበልም አለ። ከከፍታ የሚወድቀው ሪቬት የሰው ራስ እንዳይፈነክት የማዕድን ቆቡን ለድልድይ ሥራ እንዲስማማ አድርጎ እንዲያሻሽል ቡላርድን ጠየቀው። ቡላርድም አሻሽሎ አቀረበ። ስትራውስ ቆቡን እያንዳንዱ ሠራተኛ እንዲያደርግ አዘዘ፤ ትእዛዙን የጣሰ ከሥራ ይሰናበት ነበር። ከድልድዩም ሥር ከመቶ ሠላሳ ሺህ ዶላር በላይ የፈጀ መረብ ተዘረጋ። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ከላይ ወድቀው መረቡ ላይ ተርፈዋል።

ሥራው ሊፈጸም ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ የካቲት 17 ቀን 1937 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ አሥራ ሁለት ሰዎች ቆመውበት የነበረው ተንቀሳቃሽ የሥራ ርብራብ ከተያዘበት ተላቀቀና መረቡ ላይ ወደቀ። መረቡ የተዘረጋው የሰው ክብደት እንዲሸከም ነበር፤ ያን ያህል እንጨትና ብረት መሸከም አልቻለምና ተቀደደ። አሥሩ ሰዎች ሞቱ። አስቀድሞ ከሞተው አንድ ሰው ጋር የድልድዩ ሥራ የወሰደው ሕይወት አሥራ አንድ ሆነ።

ከሠላሳ አምስት አሥራ አንድ ያንሳል ብሎ መጽናናት ይቻል ይሆናል። ለአሥራ አንዱ ቤተሰብ ግን ይህ ሂሳብ ምንም አይደለም። በዚያን ዕለት ለወደቁት ቆባቸው ሊያድናቸው አልቻለም። ቆብ ከላይ የሚመጣውን ይመልሳል፤ ከእግር በታች የሚከዳውን ርብራብ ግን አይጠግንም። የቡላርድ ሥራ ታላቅነቱም ወሰኑም በዚህ ቀን አብረው ታዩ። ለሠራተኛው ደኅንነት መቆርቆር ቆብ አድሎ የሚጠናቀቅ ተግባር አይደለም፤ ማሰሪያውን ሁሉ፣ መቆሚያውን ሁሉ፣ በየማለዳው መርምሮ ማረጋገጥን ይጠይቃል።

ከዚያ ወዲህ ቆቡ ብዙ ተለውጧል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ቀለል ያለ የአሉሚኒየም ቆብ ተሠራ፤ አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ግን ለመብራት ሠራተኞች አደጋ ነበረው። ፋይበር ግላስና ፕላስቲክ ተከታትለው መጡ። የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ቦታ ደኅንነትን በአገር አቀፍ ሕግ የደነገገው በ1970 ሲሆን፣ ይህም ቡላርድ የመጀመሪያውን ቆብ ካፈላ ከሃምሳ አንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። መንግሥታት ለወታደሩ ራስ ቁር ለማልበስ ከጦርነቱ መነሣት አንሥቶ ከሁለት ዓመት ያነሰ ጊዜ በቅቷቸዋል። በሰላም ጊዜ ለሚሠራው ሰው ግማሽ ምዕተ ዓመት አስፈለገ።

ዛሬ በአዲስ አበባ ሕንፃዎች ሥር የሚያልፍ ሰው ቢጫውን ቆብ በየቀኑ ያየዋል። ሠዓሊም ሠራተኛን ልሣል ቢል ብሩሹን አስቀድሞ የሚያሳርፈው በዚያ ቆብ ላይ ነው፤ ያለ ስምና ያለ ጽሑፍ የሠራተኛነት ምልክት ሆኗልና። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና ስለ አጠቃቀሙም መመሪያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ሆኖም ቆቡ በመጋዘን ተቆልፎ ሠራተኛው በሻሽ ራሱን ጠምጥሞ ሲሚንቶ የሚሸከምበት ቦታ እስካለ ድረስ፣ ከጦርነት የተመለሰው ያ ሰው ለራሱ ያቀረበው ጥያቄ ገና አልተመለሰም።