ነፋስ የማይገፋው ጎሽ

እናንተዬ፣ ክረምት ስል የሐምሌ ዝናብና ጭቃ ከታያችሁ ተሳስታችኋል። እኔ የማወራችሁ ክረምት ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው፤ የሚወርደውም በረዶ ነው። አገሩ አሜሪካ፣ ደቡብ ዳኮታ። ፕሬሪ የሚሉት ዛፍ አልባ የሣር ሜዳ፤ ዓይን የሚያርፍበት ነገር ይናፍቃል።

ሱ ፎልስ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በከባድ መኪና ድርቆሽ ያመላልሳል። “ጎሽ የሚያረቡ ሰውዬ ጋ ልውሰድህ” ሲለኝ በጂንስና በስኒከር ዘልዬ ገባሁ። ሞኝነት! ሚዙሪን ተሻግረን፣ አምስት ሰዓት ያህል ነድተን ስንደርስ ብርዱ ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ነበር። እዚያ መኪና ራሱ ሞተሩ እንዳይደርቅ ማታ ማታ ኤሌክትሪክ ላይ ይሰካል። (መኪና እንደ ምጣድ ሲሰካ ያየሁት ያኔ ነው።) ባለ እርባታው ስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ጂንሴን አዩና ራሳቸውን ነቅንቀው ወፍራም ቱታ ወረወሩልኝ።

የነሱ ጎሽ የእኛን የማጎውን አይመስልም። ፂማም ነው፤ ወንዱ 900 ኪሎ ይደርሳል። ትከሻው ላይ ያለው ጉብታ ሻኛ አይደለም፣ በአጥንት የተደገፈ ጡንቻ ነው። በሱ ጉልበት ጭንቅላቱን እንደ አካፋ ግራና ቀኝ እያወዛወዘ በረዶውን ይጠርግና ከሥሩ ያለውን ሣር ይበላል። ውኃው ሲደርቅበት በረዶውን ይበላል። ጀርባው ላይ የተጋገረው በረዶ ደግሞ አይቀልጥም፤ ፀጉሩ ሙቀት አያስወጣማ! በአንድ ወቅት በአስር ሚሊዮኖች ነበሩ፤ ለላኮታ ሕዝብ ምግብም፣ ልብስም፣ ድንኳንም። በፈረንጆቹ 1880ዎቹ መጨረሻ ግን ቆዳ ፈላጊ አዳኞች ጨርሰዋቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ብቻ ቀሩ። ዛሬ በመቶ ሺዎች ሆነዋል፤ አብዛኞቹ እንዲህ ለሥጋ የሚረቡ ናቸው።

ሰውዬው ድሮ ተራ ላምና በሬ ነበር የሚያረቡት። በ2013 በፈረንጆቹ ኦክቶበር መጀመሪያ፣ ከብቱ የክረምት ፀጉር ሳያበቅል፣ ዝናብ ዘንቦ ወዲያው የበረዶ ማዕበል ሆነ። በምዕራብ ደቡብ ዳኮታ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ከብት አለቀ። ከብት ማዕበል ሲመጣ ጀርባውን ይሰጣል፤ ነፋሱም እየገፋ ይወስደዋል። የሳቸው ከብቶች ቦይ ውስጥ ተደራርበው ተገኙ። ቦታውን በጣታቸው አሳዩኝ፤ መኪናውን ግን አላቆሙም። የጎረቤታቸው ጎሾች ቆመው አድረው ነበር። ተበድረው ጎሽ የገዙት ከዚያ በኋላ ነው። “ልጆቼ አብደሃል አሉኝ” ይላሉ።

ይህን እያወሩኝ አጥር ልናይ ስንሄድ ነፋስ ተነሳ። የመኪናዋ አፍንጫ እንኳ ከዓይናችን ጠፋ፤ በረዶ ውስጥ ተቀረቀርን። ቤቱ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ “በእግር እንሂድ” አልኳቸው። ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። በዚህ ነፋስ ከመኪና የወረደ ሰው በራፉ ጋ ደርሶ ይሞታል አሉኝ። (ውጭ ያላችሁ ልብ በሉ፤ ከገጠማችሁ አትውረዱ። ሞተሩን አልፎ አልፎ ለጥቂት ደቂቃ አስነሱ፤ ግን አስቀድማችሁ የጭስ ማውጫውን ከበረዶ ጥረጉ፤ አለበለዚያ ጭሱ ውስጥ ገብቶ ይገድላችኋል።) ሦስት ሰዓት ተቀመጥን። እኔ እናቴን አስብ ነበር፤ እሳቸው መስኮቱን።

ነፋሱ ሲበርድ ጎሾቹ ሃምሳ ሜትር ላይ ታዩን። ፂማቸው በረዶ ሠርቶ፣ ሁሉም ፊታቸውን ነፋሱ ወደመጣበት አዙረው ቆመዋል። “ጎሽ!” አልኩ በአማርኛ፤ ስማቸውን ልጥራ ወይ ላመስግናቸው እኔም አላወቅኩም። ሰውዬው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ መቁጠር ጀምረዋል። “ስንት ናቸው?” ብዬ ጣልቃ ገባሁ። ቁጥሩ ጠፋባቸው። ምንም ሳይሉኝ እንደገና ከአንድ ጀመሩ።