የሳሎናችን ብርሃን፣ የኮሪደራችን ጨለማ



ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤታችንን ስናድስ ለሳሎናችን ከኮርኒስ የሚንጠለጠል ባለ 8 አምፖል ጌጠኛ መብራት ገዛን። የእንግዳ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነበር፤ «ማሻአላህ!» ሲባልልንም ደስ ይለን ነበር። ገንዘቡ በሳሎኑ ስላለቀ የኮሪደሩን መብራት «ኋላ ይደርሳል» ብለን ተውነው።

አንድ ቀን ከሱብሒ በፊት እናታችን ለውዱእ ሲወጡ በጨለማ ደረጃዋን ስተው ወደቁ። የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ደንግጠን ስንደርስ «እንኳን እኔ ሆንኩ፤ እንግዳ ቢሆን ኖሮ ምን ይውጣችሁ ነበር?» አሉን። ቀልድም ወቀሳም ነበረው።

ከዚያ በኋላ ነው ከክፍል ክፍል እየዞርን «እዚህ ማን፣ ምን ይሠራበታል?» ብለን መጠየቅ የጀመርነው።

መጀመሪያ የታረመው ኮሪደሩ ነው። ሌሊቱን የሚያድር ባለ 3 ዋት አምፖል ሰቀልንለት። ታዲያ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስንተኛ መብራት እንድናጠፋ አዘው የለምን? አዎን፤ ሐዲሡ በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። ምክንያቱም አብሮ ተነግሯል፤ አይጥ ክሩን ጎትታ ቤቱን ከነሰዉ እንዳታቃጥል ነው። ኢማም አን-ነወዊ የሙስሊምን ሐዲሥ ሲያብራሩ፣ እንደተንጠለጠለ ቀንዲል ለእሳት የማያሰጋ ከሆነ ምክንያቱ ስለሌለ ችግር እንደማይኖረው ጠቁመዋል። ስለዚህ የኮሪደሩን አምፖል አሳደርነው። ኤሌክትሪክ በተቋረጠበት ሌሊት የምንለኩሰውን ሻማና ኩራዝ ግን ሳናጠፋ አንተኛም።

ቀጥሎ የልጆቹ ማጥኛ መጣ። ትልቁ ልጃችን ከመግሪብ በኋላ ሲያጠና አምፖሉ ከጀርባው ስለነበር የራሱ ጥላ ደብተሩ ላይ ይወድቅ ነበር። የሰው ልጅ ስናስተምር «ወደ ብርሃን ዙር» የምንል መምህራን የራሳችንን ልጅ አላየነውም! በበስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሠም በ11ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው «ኪታቡል መናዚር»፣ የምናየው ዓይናችን ጨረር ስለሚረጭ ሳይሆን ብርሃን ከነገሩ ወደ ዓይናችን ስለሚመጣ መሆኑን አስረድቷል። እንግዲያው ብርሃን የሚያስፈልገው ኮርኒሱ ሳይሆን ገጹ ነው። የጠረጴዛ መብራት ገዝተን በግራው በኩል አኖርንለት። በቀኝ እጁ የሚጽፍ ልጅ ዐረብኛውን ከቀኝ ቢጀምር፣ አማርኛውን ከግራ ቢጀምር፣ የእጁ ጥላ ጽሑፉን የማይሸፍነው ያኔ ነው። በግራ እጁ ለሚጽፍ ግን በቀኝ በኩል ይሁንለት።

ወጥ ቤትም እንደዚሁ ነው። ሽንኩርት የሚከተፍበትና ድስት የሚጣድበት ቦታ ከፊት ለፊት ወይም ከላይ ብርሃን ይሻል። በመታጠቢያ ቤት አምፖሉ እንፋሎት የማያስገባ ክዳን ይኑረው፤ ማብሪያ ማጥፊያው እርጥብ እጅ እንዳይነካው በሩ ውጭ ቢሆን ይመረጣል።

መኝታ ቤት ግን ለስላሳ ብርሃን ይበቃዋል። በአምፖሉ ካርቶን ላይ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን የሚል ከተጻፈ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያዘነብላል፤ ለመኝታና ለሳሎን ይስማማል። 4000 ለማጥኛና ለወጥ ቤት ጥሩ ነው። 6500 ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው፤ እንዲህ ያለ ደማቅ ብርሃን በምሽት ሲበዛ እንቅልፍን ያዘገያል። ዘግይቶ የተኛ ለሱብሒ መነሳቱ እንዴት እንደሚከብደው ወላጆች ታውቃላችሁ።

ወጪውንም አሰላነው። የሳሎናችን 8 አምፖሎች እያንዳንዳቸው 60 ዋት ስለነበሩ ባንድነት 480 ዋት ይበሉ ነበር፤ በ4 ሰዓት ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ያህል መሆኑ ነው። ዛሬ 9 ዋት ገደማ የሆነ ኤል ኢ ዲ የ60 ዋቱን ያህል ያበራል፤ ዕድሜውም ብዙ እጥፍ ነው። ስትገዙ ዋቱን ብቻ ሳይሆን የብርሃኑን መጠን፣ ማለትም ሉመኑን እዩ፤ 800 ሉመን ከድሮው 60 ዋት ጋር ይቀራረባል። ወጪ የሌለውንም አትርሱ፦ ቀን መጋረጃን መግለጥ፣ ግድግዳን ፈዛዛ ቀለም መቀባት፣ የአምፖልን አቧራ መጥረግ።

ጌጠኛውን መብራት አላወረድነውም። እንግዳ ማክበር የዲናችን አካል ነው፤ ቤትን ማሳመርም ነውር አይደለም። ስህተታችን ለሚያመሰግነን እንግዳ አብርተን፣ በጨለማ ተነስተው ዱዓ ለሚያደርጉልን እናት መንፈጋችን ነበር። አላህ ማባከንን እንደከለከለ እናውቅ ነበር፤ ብርሃንም አለቦታው ሲውል እንደሚባክን ግን አላስተዋልንም። አሁን ከ8ቱ 3ቱን ብቻ እናበራለን።

የእናታችን አንጓ ጠግኗል፤ አልሐምዱሊላህ። ሆኖም ዛሬም ሱጁድ ሲወርዱ ቀኝ እጃቸውን የሚያሳርፉት ቀስ ብለው ነው። ያን ባየን ቁጥር የኮሪደሩ መብራት ምን ያህል ርካሽ እንደነበር ትዝ ይለናል።

እናንተም ዛሬ ማታ፣ ሁሉ ሰው ከተኛ በኋላ፣ ከወላጆቻችሁ መኝታ እስከ ውዱእ ቦታው በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት። አላህ ቤቶቻችንንም ልቦቻችንንም ያብራልን። አሚን።