ሁለት ደብተሮች

መጠጥ ሰውን ያስደስታል፤ ያዋርዳልም። ይህን ለማስረዳት ብዙ መናገር አያስፈልግም። የሚያከራክረው፣ ጠጪ በጠፋ ጊዜ ጥፋቱ የራሱ ብቻ ነው ወይስ የሻጩም ጭምር የሚለው ነው። እኔ ይህን ነገር አጥብቄ ያሰብሁት በስዊድን አገር፣ በስቶክሆልም ከተማ፣ በአንድ የተዘጋ በር ፊት ቆሜ ነው።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። በዚያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለሕፃኑ ክርስትና እንግዶች ጠርቶ ኖሮ ወይን ጠጅ እንድገዛለት ላከኝ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ብደርስ መደብሩ ተዘግቷል። ወደ ሌላ ሱቅ ብሄድም የሚሸጥልኝ አጣሁ። ባዶ እጄን ስመለስ ስቆ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳልነግርህ ቀረሁ። ከእንግዲህ እስከ ሰኞ የለም» አለኝ።

በዚያ አገር አልኮሉ ከመቶ 3.5 እጅ የሚበልጥ መጠጥ ወደ ቤት ሊወስድ የሚሻ ሰው፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2025 ለአነስተኛ አምራቾች ከተሰጠው ጥቂት ፈቃድ በቀር፣ የሚገዛው ሲስተምቦላጌት ከሚባለው የመንግሥት ኩባንያ ብቻ ነው። ኩባንያው 20 ዓመት ላልሞላው ወይም ሰክሮ ለመጣ አይሸጥም፤ እሑድ አይከፍትም፤ ዋጋ ቀንሶም ብዙ እንዲገዙ አያባብልም።

«ጕልማሳ ሰው ሆኜ መንግሥት እንደ ሕፃን ይጠብቀኛልን?» ብዬ ተቈጣሁ። የአክስቴ ልጅ ግን የቀድሞው ሕግ ከዚህ የጠነከረ እንደ ነበረ ነገረኝ። ኢቫን ብራት የተባለ ሐኪም ባሰበው ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. በ1914 በስቶክሆልም ተጀምሮ ኋላም በመላው አገር፣ ገዢው «ሞትቡክ» የሚባል ደብተር ይይዝ ነበር። የገዛው ይጻፍበታል፤ የተፈቀደለት ልክ ሲሞላ ሻጩ ይከለክለዋል።

ይህን ስሰማ ቍጣዬ በረደ፤ ሌላ ደብተር ትዝ አለኝና።

ታላቅ ወንድሜ አስተማሪ ነበር። በከተማችን ከአንዲት አረቄ ሻጭ ቤት በዱቤ ይጠጣ ነበር። እርሷም የጠጣውን በደብተር ትጽፋለች፤ ነገር ግን ያ ደብተር ልክ አልነበረውም። ወንድሜ በሞተ ጊዜ፣ ከሠልስቱ በኋላ ዕዳውን ልከፍል ሄድሁ። ደብተሩን ገለጠችልኝ፤ በየገጹ የእርሱ ስም አለ። ገንዘቡን ብዘረጋላት እጇን ሰበሰበች። «አልቀበልም፤ ልጆቼን ያሳደግሁት በእርሱ ነው» ብላ አለቀሰች፤ ደብተሩንም ሰጠችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ባሏ የሞተባት፣ ሌላ መተዳደሪያ የሌላት ነበረች። «ይብቃህ» ብትለው ልጆቿ ጦማቸውን ያድሩ ነበር።

የተዘጋው በር ያስተማረኝ ይህን ነው። ሻጭ «ይብቃህ» ለማለት እንዲችል፣ እንጀራው በጠጪው ጥማት ላይ መንጠልጠል የለበትም።

ይህን ስል የመንግሥት እጅ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በሩሲያ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ የተቋቋመው የቮድካ ሞኖፖል ለመንግሥት ትልቅ ገቢ ሆኖ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን መንግሥት ራሱ አረቄ ሻጭ ይሆናል። የስዊድኑም ደብተር ፍትሕ ይጐድለው ነበር፤ ላገቡ ሴቶች በአብዛኛው አይሰጥም፤ የሀብታሙና የድኻውም ልክ እኩል አልነበረም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1955 ተሻረ፤ በተሻረም ማግሥት ስካር በዛ። ሰውን ለይቶ የሚመረምረው ደብተር ቢጠፋም፣ ለሁሉ እኩል የሚዘጋው በር እስከ ዛሬ ጸንቷል።

ጠላ በየቤቱ በሚጠመቅበት፣ ጠጅ በየጓዳው በሚጣልበት በእኛ አገር ይህን ሥርዓት እንዳለ መትከል የሚቻል አይመስለኝም። ነገር ግን አንዲት እናት ልጆቿን ለማሳደግ የሌላዪቱ እናት ልጅ መጥፋት እንዳያስፈልጋት፣ ሌላ መተዳደሪያ እንድታገኝ ማሰብ የእኛ ፈንታ ነው። ያ ደብተር ዛሬ በእኔ ዘንድ ይገኛል፤ በመጨረሻው ገጹ ላይ ያለው ዕዳ ገና አልተከፈለም።