ቅሉ ቅል፣ መዳቡ መዳብ

በአሶሳ አካባቢ፣ በገነተ ማርያም መምህር በነበርሁበት ጊዜ የተማርሁትን አንድ ቁም ነገር ላጫውታችሁ። ያስተማረኝ ከተማሪዎቼ አንዱ ነው።

ጊዜው ኅዳር 2004 ዓ.ም. ነበር። ለብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን የሚቀርብ የእጅ ሥራ እንድናዘጋጅ ተነገረን። ተማሪዎቼም ተመካክረው የበርታን ብሔረሰብ የዋዛ ጨዋታ በትንንሽ የጭቃ ምስሎች ለማሳየት ወሰኑ። ዋዛ የቅል ቁርጥራጮች እየተሰካኩ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ ብቻ በተራው ያሰማል፤ ዜማው ሙሉ የሚሆነው ሁሉም ሲተባበሩ ነው። ስሙ ዋዛ ይባል እንጂ ነገሩስ ዋዛ አይደለም። ከመሐል ጣት የማይረዝሙ አሥር ነፊዎችና ሁለት ሴቶች ተቀርጸው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ።

ቀለም መምረጥና መቀባት የእኔ ድርሻ ሆነ። ለብረት በር መቀቢያ የሚሸጥ፣ መዳብ የሚመስል አንጸባራቂ ቀለም በትንሽ ጣሳ ገዛሁ። ክዳኑን እንደ ከፈትሁ ብሩሼን ነክሬ በገል ላይ ብሞክረው ቡናማ ውሃ መስሎ ወረደ። ግራ ገብቶኝ አንድ በር ቀቢ ጠየቅሁ። እርሱም ምስጢሩን አስረዳኝ።

እንዲህ ያለውን ቀለም የሚያበራው በውስጡ የተበተነው ደቃቅ የብረታ ብረት ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ክብደት ስላለው ጣሳው ሲቀመጥ ወደ ታች ይዘቅጣል። ስለዚህ አስቀድሞ ከሥሩ ጀምሮ በእንጨት በሚገባ ማማሰል ያሻል። ማቅጠኛ ሲበዛበትም ቅርፊቱ ተለያይቶ ይዥጎረጎራል። መደቡን በጥቁር ቡናማ ቀለም ቀብቶ ማድረቅ፣ ከዚያም መዳቡን ስስ አድርጎ ሁለት ጊዜ መደረብ ይሻላል፤ በአንድ ጊዜ በወፍራሙ ቢቀቡት የትንሽ ምስል ዓይንና ጣት ይደፈናል። በስርጉዱ ውስጥ ጥቂት ጥቁር ቡናማ ጠብ ቢደረግ ጥላ ይሆንለታል። ብሩሹም ለብቻው ይሁን፤ ቅርፊቱ ወደ ሌላው ቀለም ከገባ ሁሉንም ያብለጨልጫልና። እውነተኛ የመዳብ ዱቄት ያለበት ቀለም ደግሞ አየርና እርጥበት ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ሲብስም አረንጓዴ ያወጣል። በመሆኑም ከደረቀ በኋላ ቫርኒሽ ይደረብበታል።

ይህን ሁሉ ተምሬ አሥሩንም ዋዛዎች ፀሐይ እንዳረፈበት መስተዋት አበራኋቸው። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። አንዱ ግን ዝም አለ። ዋዛዎቹን የቀረጸው እርሱ ነበር።

«ምነው፣ አላማረህም?» አልሁት።

«አምሯል፣ መምህር። ግን አያቴ ዋዛ ነፊ ናቸው፤ የሳቸው ዋዛ ከቅል የተሠራ ነው። ይህን ቢያዩ፣ ‹ይህ የማን ዋዛ ነው?› ይሉኛል» አለኝ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ።

መልስ አጣሁ። ቀለሙ እንዴት እንደሚቀባ ጠይቄ ነበር፤ የት እንደሚቀባ ግን የሚያውቀውን ልጅ አልጠየቅሁም። ክብር የጨመርሁለት መስሎኝ ማንነቱን ሸፍኜበት ኖሯል።

በማግስቱ ዋዛዎቹን በቅል መልክ አብረን ደግመን ቀባናቸው። «የተረፈው መዳብስ ይጣል?» ብለው ተማሪዎቹ ጠየቁ። ያው ልጅ፣ «ሴት አያቴ የመዳብ አምባር ያጠልቃሉ» አለና ቀጭን ብሩሽ አንሥቶ በአንዷ ሴት ክንድ ላይ እንደ ክር የቀጠነች መስመር አዞረ። በትርኢቱ ቀን እንግዶች ጎንበስ እያሉ የተመለከቱት ያችን አምባር ነበር።

ኋላ ስለ አክሱም ገንዘብ ሳነብ ያ ልጅ ትዝ አለኝ። አክሱማውያን ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ጀምሮ የወርቅና የብር፣ ኋላም የመዳብ ሳንቲም ያወጡ ነበር። ከብሩና ከመዳቡ ሳንቲሞች በአንዳንዶቹ ላይ ስስ ወርቅ ይለበጥ ነበር፤ ወርቁ የሚያርፈው ግን በሳንቲሙ ሁለመና ላይ ሳይሆን፣ እንደ ንጉሡ ምስል ዙሪያ ባለ በተመረጠ ስፍራ ብቻ ነበር። ባለ እጁ መዳቡን መዳብ አድርጎ ትቶ፣ ወርቁን ለተገባው ቦታ ሰጠው።

ድርሰትም እንዲሁ ነው። ያማረ ቃል ባገኛችሁ ጊዜ፣ ከመጻፋችሁ በፊት የምትገልጹት ነገር ቅል ነው ወይስ መዳብ ብላችሁ ጠይቁ።

መልመጃ

1. ተማሪው ዝም ያለው ለምንድን ነው? በራሳችሁ አባባል ግለጹ።
2. «ስሙ ዋዛ ይባል እንጂ ነገሩስ ዋዛ አይደለም» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ዋዛ» የሚለው ቃል ያሉትን ሁለት ፍቺዎች ለዩ።
3. ከታናሻችሁ ወይም ከጓደኛችሁ የተማራችሁትን አንድ ነገር በሦስት አንቀጽ ጻፉ።