ከጐንደር እስከ ስሜን ተራራ፤ ስለ መሬት የባላገር ምክር

ከጐንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የዐፄ ፋሲልን ግንብ በስተኋላው ትቶ በዳባት በኩል መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ደባርቅ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ አንደኛው መንገድ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ሁለተኛው በሳንቃ በር በኩል ወደ ስሜን ተራሮች ይወጣል። ብርዱ እጅግ የበረታ ስለ ሆነ ጋቢ ሳይዙ መሄድ አይገባም። ፀሐይ ሞቅ ስትል ጭላዳው በመንጋ ሆኖ በገደሉ አፋፍ ሣር ሲነጭ፥ ጅብራውም በጓሳው መካከል ቀጥ ብሎ ቆሞ ይታያል። ዋልያም በዓለም ላይ ከዚህ ተራራ በቀር ሌላ አገር የለውም።

ይህን ውበት የሚያይ እንግዳ ስፍራውን ሰው የማያውቀው ምድር አድርጎ ሊቈጥረው ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ባላገሩ ከብዙ ዘመን ጀምሮ በዚህ ደጋ ገብስ ሲዘራ፥ በግና ከብት ሲያሰማራ ኖሯል። በ1962 ዓ.ም. ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ሲከለል በውስጡ መንደሮች ነበሩበት። በ1970 ዓ.ም. ከላሊበላ ጋራ ከመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች ተቈጠረ። ይህ ክብር በተገኘ ማግሥት፥ በ1971 ዓ.ም. ገደማ፥ የደርግ መንግሥት በሰሜን በኩል ከገደሉ ሥር የነበሩትን መንደሮች በኃይል አስነሣ። ከዚያ ወዲያ ባላገሩ ፓርኩን እንደ ቀማኛ ቢያየው ምን ያስደንቃል?

በ1989 ዓ.ም. ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ። በኋላም ወሰኑ ከየቀበሌው ሰዎች ጋራ ምክር እየተደረገበት እንደገና ተከለለ፤ ብዙ መንደሮችም ከወሰኑ ውጭ ሆኑ። ከባዱ ነገር የግጭ መንደር ነበር። ግጭ በ3,600 ሜትር ከፍታ ላይ፥ በፓርኩ መካከል ያለ የእስላም ገበሬዎች ቀዬ ነበረ። ድርድሩ ብዙ ዓመት ፈጀ፤ በመጨረሻ በ2008 ዓ.ም. 418 አባወራዎች ካሣ ተቀብለው ወደ ደባርቅ ወረዱ። በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ይህ ከ1971ዱ ሥራ እጅግ የተሻለ መሆኑ አይካድም። ዳሩ ግን ከረጅም ክርክር በኋላ የተገኘ እሺታ ሁሉ የልብ እሺታ ነው ለማለት ያስቸግራል። በተራራው ገብሱ ከጎተራ፥ ወተቱ ከበረት፥ ኩበቱ ከደጅ ይገኝ ነበር፤ በከተማ ግን ይህ ሁሉ በገንዘብ ነው። የካሣው ገንዘብ ስንት ክረምት እንደሚያሻግር ከማንም በፊት የምታውቀው የማጀቱ እመቤት ናት፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ምክር ሲደረግ ከሽማግሎቹ ጋራ እርስዋም ልትጠየቅ ይገባል።

ከስሜን ርቆ በመንዝ ደግሞ ሌላ ልማድ አለ። በዚያ የጓሳውን ሣር የሚዘጉበትንና የሚከፍቱበትን ጊዜ ከጥንት ጀምሮ ባላገሩ ራሱ የመረጣቸው አለቆች ይወስኑ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያ ሥርዐት ፈረሰ፤ ሰዎቹ ግን ቈይተው በኮሚቴ ተደራጅተው ጥበቃውን አደሱት። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል፤ በስሜን የሚገኘው ቀይ ቀበሮም በዚያው ሣር ውስጥ ዐይጡን እያደነ ይኖራል።